አርቪያችሁ ሲጋጭ ክሌሙን እንዴት ትጨርሱታላችሁ፦ ከአደጋው ቦታ እስከ ርክክብ

አሜሪካ ውስጥ አርቪ (ውስጡ እንደ ቤት የተሠራ መኪና ወይ ተጎታች) ያላቸው ሰዎች ክሌም (የኢንሹራንስ ካሳ ጥያቄ) ላይ የሚሸነፉት ብዙ ጊዜ ኢንሹራንስ ስለሌላቸው አይደለም። ኢንሹራንሱ አለ፣ በየወሩ ተከፍሏል፣ አጀስተሩም (የኢንሹራንሱ ጉዳት መርማሪ) መጥቶ ከውጭ ያየውን ጭረትና የተሰበረ ፕላስቲክ አስልቶ ቼክ ልኳል። ከጥቂት ወር በኋላ ግን ግድግዳው ማበጥ ይጀምርና ሲደወል "ይሄ የቆየ ውሃ ነው፣ ከአደጋው ጋር አይገናኝም" ይባላል። አርቪ እንደ መኪና ላሜራ ብቻ አይደለም፣ ከቀጭኑ ፋይበርግላስ ጀርባ ኮምፔርሳቶ፣ ፎም፣ የአልሙኒየም ወይ የእንጨት አጥንት፣ ሽቦ፣ የውሃና የጋዝ መስመር አለ፣ ኢንሹራንስ ደግሞ የሚከፍለው የታየውንና የተጻፈውን ነው። ስለዚ ከታች ያለው ሁሉ ለሁለት ነገር ነው፣ ውስጡን ማሳየት እና ሳይታይ ፋይሉ እንዳይዘጋ ማድረግ።

ከሁሉ በፊት፦ የትኛው ፖሊሲ ነው የሚከፍለው?

ይሄን አሁኑኑ፣ ሳትጋጩ፣ ፖሊሲያችሁን (የኢንሹራንስ ውላችሁን) አውጥታችሁ እዩት።

ሞተር ያለው አርቪ (ክላስ ኤ አውቶቡስ መሰሉ፣ ቢ ቫኑ፣ ሲ መካከለኛው) የራሱ ፖሊሲ አለው። ሚጎተት ትሬለር ወይ ፊፍዝ ዊል (የፒካፕ ጭነት ቦታ ላይ የሚያያዝ ትልቅ ትሬለር) ከሆነ ግን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት እዚ ጋር ነው፦ የጎታቹ ፒካፕ ላያብሊቲ ትሬለሩ በሌላ ሰው ላይ ላደረሰው ጉዳት አብዛኛውን ጊዜ ይሸፍናል፣ ትሬለሩ ራሱ ለደረሰበት ጉዳት ግን አይከፍልም። ለሱ ትሬለሩ ላይ የተገዛ ኮሊዥን ያስፈልጋል።

ከዛ ኮሊዥንና ኮምፕሪሄንሲቭን ለዩ፣ ዲዳክቲብላቸው (እናንተ ከኪሳችሁ የምትችሉት ድርሻ) የተለያየ ሊሆን ይችላል። ድልድይ፣ ፖል፣ የዛፍ ቅርንጫፍ እናንተ ሄዳችሁ ከመታችሁ ኮሊዥን ነው። ቅርንጫፉ በነፋስ ተሰብሮ ቆሞ በነበረ አርቪ ላይ ከወደቀ፣ ወይ በረዶ ከደበደበው፣ ወይ አጋዘን ከመታችሁ ኮምፕሪሄንሲቭ ነው። ጎማ ፈንድቶ የታችኛውን ሽፋንና ሽቦ ከቀደደ ጎማውን አይከፍሉም፣ የቀደደውን ግን ብዙ ጊዜ በኮሊዥን ይከፍላሉ፣ "ጎማ ነው የፈነዳው" ብላችሁ ብቻ ደውላችሁ ተስፋ እንዳትቆርጡ።

አርቪውን በአፕ ለሰው ስታከራዩ ከነበረና አደጋው በኪራይ ላይ እያለ ከደረሰ የግል ፖሊሲ አብዛኛውን ጊዜ አያውቃችሁም፣ በአከራዩ አፕ በኩል ያለውን ሽፋን ነው የምትጠይቁት። ውስጡ የምትኖሩ ከሆነም የሙሉ ጊዜ ነዋሪ ሽፋን መኖሩን እዩ፣ ይሄን ደብቆ ክሌም መክፈት ጣጣው ብዙ ነው።

ደረጃ 1፦ አደጋው ቦታ ላይ

1. ሰው ደህና መሆኑን እዩ፣ 911 ደውሉ።
2. የፕሮፔን ሲሊንደሩን ቫልቭ ወደ ቀኝ አዙራችሁ ዝጉ። የጋዝ ሽታ ካለ ውስጥ አትግቡ፣ መብራትም አታብሩ፣ ጄኔሬተር አታስነሱ፣ ሰውን አርቁ።
3. ሽታ ከሌለና ባትሪው ጋር በደህና መድረስ ከቻላችሁ የአርቪውን የመኖሪያ ክፍል ባትሪ ማጥፊያ አጥፉ። የተቀጠቀጠ ግድግዳ ውስጥ የተላጠ ሽቦ ሊኖር ይችላል።
4. ስላይዱን (ወደ ጎን ተገፍቶ የሚወጣውን ክፍል) አትክፈቱ! ገብቶ ከሆነ ገብቶ ይቆይ። ፍሬሙ ትንሽ ከተጣመመ ስላይዱ ሲወጣ ማርሹንና ሃዲዱን ይሰብራል፣ ያ ስብራት ደግሞ "ከአደጋው በኋላ በባለቤቱ የተፈጠረ" ተብሎ ይጻፍባችኋል።
5. ፎቶ አንሱ። መጀመሪያ ከሩቅ አራቱንም ጎን፣ ከዛ ቀረብ ብላችሁ፣ ከዛ ከስር፣ ያልተጎዳውንም ጎን ጭምር። ያልተጎዳውን ለምን ካላችሁ፣ በኋላ "ይሄ ጭረት ከድሮም ነበር" ሲመጣ ማወዳደሪያችሁ እሱ ነው። ድልድይ ከመታችሁ የከፍታውን ምልክት፣ ኦዶሜትሩን፣ የቪን (የሻሲ ቁጥር) ስቲከሩንም አንሱ።
6. ቪዲዮ እያነሳችሁ ውስጡን በእግር ዙሩ፣ ኮርኒሱን፣ የመስኮት ማእዘኖችን፣ የተከፈቱ ቁም ሳጥኖችን አሳዩ።
7. የሌላውን ሹፌር ፈቃድ፣ ታርጋ፣ የኢንሹራንስ ካርድ፣ የምስክር ስልክ፣ የፖሊስ ሪፖርት ቁጥር ያዙ።

ጥፋቱ የማን እንደሆነ እዛው አትከራከሩ፣ "ይቅርታ የኔ ጥፋት ነው" አትበሉ፣ የሆነውን ብቻ ለፖሊስ ተናገሩ።

ሚጎትተው ሰው ሲመጣ፦ ትልቅ ክላስ ኤ በተራ ቶው ትራክ አይጎተትም፣ የከባድ መኪና ቶው ጠይቁ፣ ድራይቭ ሻፍቱ መፈታት ካለበት ፈትቶ እንዲጎትት ንገሩት። የት እንደሚወስደው ሳታውቁ አይንቀሳቀስ። የቶው ካምፓኒው ግቢ ውስጥ ከቆመ የማቆሚያ ክፍያ በየቀኑ ይቆጥራል፣ ኢንሹራንሱ ደግሞ "ምክንያታዊ" የሚለውን ያህል ቀን ብቻ ነው የሚከፍለው። ከቻላችሁ በቀጥታ ወደ አርቪ ጋራዥ ወይ ወደ ቤት።

ደረጃ 2፦ ክሌሙን መክፈት

በዛው ቀን ደውሉ ወይ በአፑ ክፈቱ። ስትደውሉ የምትሉት አጭር ይሁን፦ መቼ፣ የት፣ ምን ነካ፣ ምን ይታያል። ከዛ ይችን አረፍተ ነገር ጨምሩ፣ "የተደበቀ ጉዳት ሊኖር ይችላል፣ ገና አልተከፈተም"። ፋይሉ ላይ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንድትጻፍ ነው የምትፈልጉት።

የምትጠይቁት ደግሞ፦

- የክሌም ቁጥርና የአጀስተሩ ስም፣ ኢሜይል።
- አርቪ የሚያውቅ አጀስተር መላክ ይችላሉ ወይ? በግልጽ ጠይቁ፣ ካልጠየቃችሁ የመኪናው ሰውዬ ነው የሚመጣው።
- የድንገተኛ ወጪ ሽፋን አለኝ ወይ? ብዙ የአርቪ ፖሊሲ ከቤት ርቃችሁ ከተጋጫችሁ ሆቴልና መመለሻ ይከፍላል፣ ካልጠየቃችሁ ግን ማንም አይነግራችሁም።
- ፒካፑም ትሬለሩም ከተጎዱና ሁለቱም እዚው ካምፓኒ ከሆኑ አንድ ዲዳክቲብል ነው ወይስ ሁለት?

ከእያንዳንዱ ስልክ በኋላ ኢሜይል ጻፉ። "ዛሬ በስልክ እንዳወራነው እንዲህ እንዲህ ብለውኛል" ይበቃል። አሰልቺ ነው አውቃለሁ፣ ግን አጀስተር በመሃል ይቀየራል፣ አዲሱ የሚያውቀው ፋይሉ ላይ ያለውን ብቻ ነው።

ጥፋቱ የሌላው ሹፌር ከሆነ ሁለት መንገድ አላችሁ። ወይ በሱ ኢንሹራንስ በኩል መሄድ፣ ወይ በራሳችሁ ኮሊዥን አስጠግናችሁ የናንተ ካምፓኒ ገንዘቡን ከነሱ እንዲጠይቅ መተው፣ ካስመለሱ ዲዳክቲብሉም ይመለሳል። የሱ ካምፓኒ ከተንጠባጠበ ሁለተኛው ይሻላል ባይ ነኝ። ለራሳችሁ ኢንሹራንስ የመተባበር ግዴታ አለባችሁ፣ ለሌላው ካምፓኒ ግን የተቀዳ ቃል የመስጠት ግዴታ ባጠቃላይ የለባችሁም፣ በጽሁፍ መልሱላቸው። የተጎዳ ሰው ካለ ደግሞ መልስ ከመስጠታችሁ በፊት ጠበቃ አናግሩ።

ደረጃ 3፦ ውሃ እንዳይገባ ማድረግ

ፖሊሲው ጉዳቱ እንዳይብስ የመከላከል ግዴታ ይጥልባችኋል። አጀስተሩ እስኪመጣ ብላችሁ ክፍት ትታችሁት ዝናብ ከገባ የዝናቡን ላይከፍሉ ይችላሉ። ቅደም ተከተሉ፦

1. ከመሸፈናችሁ በፊት ፎቶ።
2. በሸራ ሸፍኑ፣ ጠርዙን በደንብ እሰሩት። የሚርገበገብ ሸራ የጣራውን የጎማ ሽፋን ይፍቃል፣ ሸራ ለብሶም አይነዳ።
3. መስኮት ከተሰበረ ወፍራም ፕላስቲክ ከውስጥም ከውጭም።
4. የሸራውን፣ የፕላስቲኩን ደረሰኝ አስቀምጡ፣ ይመለሳል።

ሲሊኮን አትቀቡ። ሲሊኮን ላይ በኋላ ሌላ ማሸጊያ አይዝም፣ ጋራዡ ፍቆ ለማንሳት ሰአት ያስከፍላል። ለጣራ የሚሸጠው የማይነሳ ቴፕም ለጊዜያዊ አይሆንም፣ ሲነሳ ጎማውን ይዞ ይመጣል፣ ስንጥቁንም ይደብቃል። የተሰበረውን ቁራጭ ሁሉ፣ የአየር ማቀዝቀዣውን ሽፋን ስብርባሪ ሳይቀር፣ በጆንያ ሰብስባችሁ አስቀምጡ፣ አጀስተሩ አይቶ በጽሁፍ ካላለ አትጣሉ።

ደረጃ 4፦ የራሳችሁ ምርመራ

አጀስተሩ ከመምጣቱ በፊት አንድ ሰአት ወስዳችሁ ይሄን ሥሩ፣ እዚ ላይ ነው ገንዘቡ ያለው።

ግድግዳ። መዳፋችሁን ግድግዳው ላይ ዘርግታችሁ ከተመታው ቦታ ወደ ውጭ እየገፋችሁ ሂዱ። ጠንካራው ግድግዳ አይንቀሳቀስም። ድንገት ለስለስ ብሎ ገባ ወጣ የሚል፣ ወይ በጣታችሁ ስታንኳኩ ድምፁ ባዶ የሚሆን ቦታ ካለ ፋይበርግላሱ ከኮምፔርሳቶው ተላቋል ማለት ነው፣ ዲላሚኔሽን ይሉታል። ጠርዙን በወረቀት ቴፕ ምልክት አድርጋችሁ ቀን ጻፉበትና ፎቶ አንሱ። ከሳምንት በኋላ ድገሙት፣ ከሰፋ ማስረጃው እጃችሁ ላይ ነው። ማታ ላይ ባትሪ መብራት ግድግዳው ላይ አስጠግታችሁ በጎን ስታበሩም በቀን ያልታየው እብጠት ሁሉ ጥላ ይጥላል።

እርጥበት። ሁለት መርፌ ያለው የእርጥበት መለኪያ ርካሽ እቃ ነው፣ ግዙ። በተመታው አካባቢ፣ ኮርኒሱ ማእዘን ላይ፣ ከመስኮት ስር፣ ከዛ ደግሞ ምንም ካልነካው ጎን ለኩ፣ ቁጥሩን ከነቦታው ጻፉ። እንጨት ላይ ከ20 ፐርሰንት በላይ ካነበበ ውሃ ገብቷል ብላችሁ ያዙት። በአደጋው ማግስት ደረቅ የነበረ ቦታ በኋላ ከረጠበ "የቆየ ውሃ ነው" የሚለውን ክርክር በዚ ትዘጉታላችሁ። ያለዚ ልኬት ግን በቃል ብቻ መከራከር ከባድ ነው፣ የቆየ መበስበስ ማንም ፖሊሲ ላይ አይሸፈንምና።

ፍሬም። ትሬለር ከሆነ ከሂቹ (ከመጎተቻ ማያያዣው) መሃል እስከ ግራውና ቀኙ አክስል ጫፍ በሜትር ለኩ፣ ሁለቱ እኩል መሆን አለባቸው። ፊፍዝ ዊል ላይ የፒን ቦክሱን (ከፒካፑ ጋር የሚያያዘውን የፊት ብረት) ብየዳ እዩ፣ ቀለሙ እንደ ፀጉር ቀጭን ሆኖ ከተሰነጠቀ ስሩ ብረቱም ሊሆን ይችላል። ሌላው ምልክት፦ የማይዘጋ በር፣ ባንድ ጎን የሰፋ የስላይድ ክፍተት፣ ከመስኮት ማእዘን የሚነሳ ስንጥቅ፣ ከግድግዳ የተነቀለ የቁም ሳጥን ብሎን።

ጋዝ። ቴክኒሻን የግፊት ምርመራ ሳያደርግበት ሲሊንደሩን አትክፈቱ። የምርመራው ሂሳብም ክሌሙ ውስጥ ይገባል።

ደረጃ 5፦ ጋራዥ መምረጥ

ኢንሹራንሱ ዝርዝር ይሰጣችኋል፣ ምርጫው ግን ባጠቃላይ የናንተ ነው። የመኪና ቦዲ ሾፕ ቀለሙን አሳምሮ ይቀባል፣ ግድግዳውን ግን ከፍቶ መልሶ መለጠፍ አይችልም። ስትደውሉ እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ የተላቀቀ ግድግዳ ትሠራላችሁ? ጣራ ሙሉ ትቀይራላችሁ? ሰፕልመንት (በኋላ ለተገኘ ጉዳት የሚቀርብ ተጨማሪ ጥያቄ) ራሳችሁ ለኢንሹራንሱ ትጽፋላችሁ? የመጨረሻውን ጥያቄ ሲሰማ ያመነታ ጋራዥ ቢቀር ይሻላል።

ከዛ የመክፈቻ ሥራውን፣ ማለትም ፓነል አንስቶ ውስጡን ማየቱን፣ በጽሁፍ ፍቀዱ፣ ከመፍቀዳችሁ በፊት ግን ሰአቱን ማን እንደሚከፍል አጀስተሩን በኢሜይል ጠይቁ። "አደጋው ያደረሰው ከሆነ እንከፍላለን" ብለው መመለሳቸው የተለመደ ነው። ተራው እስኪደርስ ወራት ሊወስድ ይችላል፣ እቃውም ከፋብሪካ እስኪመጣ እንደዛው። ስለዚ ጋራዡ ጋር ተራ ያዙና አርቪው መንዳት የሚቻል ከሆነ ቤት አቁሙት።

ደረጃ 6፦ አጀስተሩ ሲመጣ

ተገኙ። ካልቻላችሁ የጋራዡ ሰው ይገኝ። ፎቶ ብቻ ላኩ ካሏችሁ ትንሽ የባምፐር ነገር ካልሆነ እሺ አትበሉ፣ ሰው እንዲመጣ ጠይቁ። መሰላል አዘጋጁ፣ ጣራ ላይ ያልወጣ አጀስተር የጣራ ጉዳት አይጽፍም። ምልክት ያደረጋችሁበትን ቦታ አሳዩት፣ የልኬት ወረቀታችሁን ኮፒ ስጡት። ጠላት አይደለም፣ ብዙዎቹ ግልጽ ነገር ካሳያችኋቸው ይጽፋሉ፣ ግን በቀን ብዙ ፋይል የሚያይ ሰው ነው፣ ያላሳያችሁትን አይፈልግላችሁም።

የማታውቁትን ሲጠይቃችሁ "አላውቅም" በሉ። "ይሄ ስንጥቅ ከድሮ ነው?" ሲል በግምት "ምናልባት" ያለ ሰው ራሱ ላይ ፈረደ። ከድሮም የነበረ ካለ ግን እውነቱን ንገሩ፣ ያልሆነ ነገር አደጋው ላይ መጫን ማጭበርበር ነው፣ ሙሉ ክሌሙንም ያስጥላል።

ደረጃ 7፦ ኤስቲሜቱን (የጥገና ዋጋ ግምቱን) መስመር በመስመር ማንበብ

አጀስተሮች የሚጠቀሙበት የመኪና ሶፍትዌር የአርቪን ግድግዳና ጣራ በደንብ አያውቅም፣ ስለዚ ሰአቱ ብዙ ጊዜ በእጅ የተገመተ ነው። እነዚህን ፈልጉ፦

- የሰአት ዋጋ። የመኪና ቦዲ ሾፕ ዋጋ አስገብተው ከሆነ የጋራዛችሁን ዋጋ በጽሁፍ አስልኩ።
- ጥገና ወይስ መቀየር። ብዙ ዘመናዊ አርቪ ላይ የጎኑ ፋይበርግላስ ከፊት እስከ ኋላ አንድ ወጥ ነው። "ሁለት ጫማ ፓች" ከተጻፈ ጋራዡ ይሄ ለምን እንደማይሆን ይጻፍላችሁ።
- ማውለቅና መመለስ። ግድግዳ ለመክፈት ኦውኒንጉ (የሚዘረጋው የጎን ጥላ)፣ መስኮቱ፣ መብራቱ፣ መሰላሉ መውረድ አለበት፣ ሁሉም የየራሱ ሰአት አለው። በብዛት የሚረሳው ይሄ ነው።
- ስዕልና ስቲከር። የፋብሪካው ስቲከር ካልተመረተ ሙሉ ጎኑን ማስተካከል ይጠየቃል።
- ቅናሽ። ጎማ፣ ባትሪ፣ የኦውኒንግ ጨርቅ ላይ በእርጅና ቀንሰው ሊሆን ይችላል፣ እነዚህ ላይ መቀነሱ የተለመደ ነው። ጠቅላላ ጥገናው ላይ ከቀነሱ ግን በየትኛው የፖሊሲ አንቀጽ እንደሆነ አሳዩኝ በሉ።
- የውስጥ እቃችሁ። ቲቪ፣ ልብስ፣ ላፕቶፕ እዚ አይገባም፣ የግል እቃ ሽፋን ካለ ለብቻ ዝርዝር ይጠየቃል፣ ካልሆነ የቤት ኢንሹራንሳችሁን ጠይቁ።

ቼኩ በናንተና በባንኩ ስም ከመጣ አትደንግጡ፣ ብድር ስላለበት ነው፣ ባንኩ መፈረም አለበት። የባንኩን የክሌም ክፍል ቀድማችሁ ደውሉ፣ ፊርማው ብቻ ሳምንታት ሊበላ ይችላል።

እና ዋናው፦ ቼኩ ወይ አብሮት የመጣው ወረቀት ላይ "ሙሉና የመጨረሻ ክፍያ" ወይ "ከማንኛውም ተጨማሪ ጥያቄ ነጻ አድርጌያለሁ" የሚል ካለ ሳይጣራ አትፈርሙ፣ ቼኩንም አታስገቡ። በተለይ ከሌላው ሹፌር ካምፓኒ ሲመጣ። የመጀመሪያ ክፍያ መሆኑንና ሰፕልመንት ክፍት መሆኑን በኢሜይል አረጋግጡና ከዛ ተቀበሉ።

ደረጃ 8፦ ሰፕልመንት

ጋራዡ ሲከፍት ያልታየ ነገር ይወጣል፣ ሁሌ ማለት ይቻላል። ያኔ ሥራው ይቁም። ፎቶ፣ የተጻፈ ዝርዝር፣ ተጨማሪ ሰአት ለአጀስተሩ ይላክ፣ እንደገና አይቶ ወይ በፎቶ ይፍቀድ፣ ከዛ ይቀጠል። ጋራዡ "እኔ ጨርሼው በኋላ እንጠይቃለን" ካለ እምቢ በሉ፣ የተሸፈነን ነገር ማንም አይከፍልም። አጀስተሩ ዝም ካለ ከሦስት የሥራ ቀን በኋላ ኢሜይል፣ ከዛ አለቃው።

ደረጃ 9፦ ቶታል ነው ሲሏችሁ

የጥገናው ወጪ ከአርቪው ዋጋ ጋር ሲቀራረብ ቶታል (መጠገን አያዋጣም) ይላሉ፣ መስፈርቱ በየስቴቱ ይለያያል። ቴክሳስ ላይ ጥገናው ዋጋውን መቶ በመቶ ሲደርስ ነው፣ ካሊፎርኒያ ላይ ደግሞ ጥገናውና የስብርባሪው ዋጋ ተደምሮ ከአርቪው ዋጋ ጋር ይነጻጸራል።

የሚከፈላችሁ እንደ ፖሊሲው ነው። በወቅቱ ዋጋ ከሆነ እርጅና ይቀነሳል። በስምምነት ዋጋ ከሆነ ፖሊሲው ላይ የተጻፈው ነው። አዲስ መተኪያ ከሆነ ለተወሰነ የመጀመሪያ አመታት አዲስ ይሰጣል። በወቅቱ ዋጋ ከሆነ ያነጻጸሩባቸውን አርቪዎች ዝርዝር ጠይቁና ሞዴሉ፣ ፍሎር ፕላኑ፣ የስላይድ ብዛቱ አንድ መሆኑን እዩ፣ ባለ አንድ ስላይድን ከባለ ሦስት ጋር አነጻጽረው ያወረዱበት ፋይል አይቻለሁ። የጨመራችሁትን ሶላር፣ ሊቲየም ባትሪ ከነደረሰኙ አቅርቡ። አርቪውን ራሳችሁ ማስቀረት ትችላላችሁ፣ የስብርባሪው ዋጋ ይቀነሳል፣ ታይትሉ (የባለቤትነት ወረቀቱ) ሳልቬጅ (ቶታል የተባለ) ተብሎ ይመዘገባል፣ ከዛ በኋላ ኢንሹራንስ ማግኘትም መሸጥም ይከብዳል፣ እጃችሁ ሥራ ካልቻለ አልመክርም።

ደረጃ 10፦ ካልተስማማችሁ

በቅደም ተከተል ሂዱ።

1. እምቢታውን በጽሁፍ፣ ከፖሊሲው አንቀጽ ጋር ጠይቁ።
2. የአጀስተሩን አለቃ።
3. ክርክሩ ስለ ዋጋ ብቻ ከሆነ ፖሊሲው ላይ አፕሬዛል የሚል አንቀጽ ካለ ተጠቀሙ። እናንተ አንድ ገማች፣ እነሱ አንድ ገማች፣ ሁለቱ ዳኛ ይመርጣሉ፣ ከሦስቱ ሁለቱ ከተስማሙ ያስራል። የራሳችሁን ገማች እናንተ ትከፍላላችሁ፣ ዳኛውን በግማሽ። ለትንሽ ልዩነት አያዋጣም።
4. የስቴቱ የኢንሹራንስ ዲፓርትመንት ጋር አቤቱታ፣ በነጻ ነው፣ ኦንላይን ይገባል፣ ካምፓኒው መልስ የመስጠት ግዴታ አለበት። ካሊፎርኒያ ላይ ክሌሙን በ15 ቀን ውስጥ መቀበላቸውን ማሳወቅ፣ ማስረጃ ካገኙ በ40 ቀን ውስጥ ይሁንታ ወይ እምቢታ መስጠት፣ ተጨማሪ ጊዜ ካስፈለጋቸውም በጽሁፍ ማሳወቅ አለባቸው። ቀኑ ካለፈ አቤቱታው ላይ ያችን ቀን ጥቀሱ።
5. ከዛ በኋላ ጠበቃ።

የአርቪው ዋጋ ከተጠገነም በኋላ መውረዱን የምትጠይቁት ባብዛኛው ከአጥፊው ኢንሹራንስ ነው። ጆርጂያ ላይ ግን ከራሳችሁም ይጠየቃል።

ደረጃ 11፦ መረከብ

ሳትፈትሹ አትፈርሙ።

1. ስላይዱ ሁለት ጊዜ ይውጣ ይግባ፣ ላስቲኩ ዙሪያውን እኩል መቀመጡን እዩ።
2. ጣራና የተጠገነው ግድግዳ ላይ ከታች ወደ ላይ እየሄዳችሁ በጎማ ውሃ አጠጡ፣ በግፊት ማሽን አይደለም። አንድ ሰው ውስጥ ሆኖ በባትሪ መብራት ይይ።
3. ከአደጋው በኋላ የለካችሁባቸውን ቦታዎች በዛው መለኪያ ድገሙ።
4. የጋዝ ምርመራ ወረቀት፣ የአክስል ልኬት፣ የተቀየሩ እቃዎች ዝርዝርና የዋስትና ጽሁፍ ተቀበሉ።
5. የጋራዡ ደረሰኝና የመጨረሻው ኤስቲሜት አንድ መሆናቸውን አመሳክሩ፣ ያልተሠራ ነገር ተከፍሎበት ከሆነ ይሠራ።

የሚያፈስ ካለ አርቪው እዛው ይቆይ፣ ለአጀስተሩ በዛው ቀን ቪዲዮ ላኩ። ከወሰዳችሁት በኋላ ደግሞ ከመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ማግስት እንደገና ለኩ፣ ቁጥሩ ከፍ ካለ ጋራዡን በዋስትናው፣ ኢንሹራንሱን በዛው ክሌም ቁጥር ጠይቁ፣ አዲስ ክሌም እንክፈት ካሏችሁ አይሆንም በሉ፣ አዲስ ዲዳክቲብል ይዞ ይመጣል።